ቆዳ የሌለው ሞት

ታላቅ ወንድሜ የእሱ በጎች ሲሞቱ ሞታቸውን ተካፈልኩለት፤ የእኔ በጎች ሲያልቁ ግን ሞታቸውን ለብቻዬ ተወልኝ። በደሉ ይኸው ነው። በጉልበት አልነጠቀኝም፣ ተደብቆም አልሰረቀኝም። በቀን፣ በሽማግሌ ፊት፣ ቃሉን አጥፎ ነው የጎዳኝ። ሌባ ቢሆን ኖሮ እጮህበት ነበር፤ ቃሉን ባጠፈ ወንድም ላይ ምን ተብሎ ይጮኻል?

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ እንደ አነጋገሬ ነው፤ ማሳመሩን ለተማረው ትቼዋለሁ።

ነገሩ ከአባቴ ይጀምራል። አባቴ በመንዝ ደጋ ገብስ የሚዘሩ፣ በግ የሚያረቡ ሰው ነበሩ። ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ በጎቻቸውን ሁሉ ባንድ ቦታ ቆመው አይተዋቸው አያውቁም። ሲሶውን እቤታቸው ያኖራሉ። ሲሶውን ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት አፋፍ ለሚኖር ባላገር በርቢ ይሰጣሉ። የቀረውን ሞላሌ አካባቢ ላለች ባሏ የሞተባት ሴት፣ እሱንም በርቢ። ርቢ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ በጉ የባለቤቱ ነው፣ ግጦሹና ጥበቃው የአርቢው። የተወለደውን እኩል ይካፈላሉ፤ ፀጉሩን አርቢው ሸልቶ ይወስዳል። እናት በግ በበሽታ ብትሞት ሞቷ የባለቤቱ ነው፤ አርቢው ግን ቆዳዋን ገፎ፣ የጆሮዋ ምልክት ሳይጎድል፣ ለባለቤቱ ማሳየት አለበት። ቆዳ ያሳየ ነፃ ነው። ቆዳ ያላሳየ ወይ ሸጧታል ወይ በልቷታል ይባልና ይተካል።

ሰው አባቴን ይስቅባቸው ነበር። አንድ የሰፈራችን ጨዋታ አዋቂ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ "የእርስዎ በጎች እኮ እንደ ነፍስ አባት አገር ለአገር ሲዞሩ ነው የሚከርሙት" አላቸው። "ግጦሽ ሞልቶዎት ግማሹን ግልገል ለሰው የሚሰጡት ምን ነክቶዎት ነው?"

"እሱ የእንቅልፌ ዋጋ ነው" አሉት። "ውርጭ ደጋውን ሲመታ አፋፉ ይተርፋል። አፋፉን በሽታ ሲያገኘው ሞላሌ ይተርፋል። ሦስቱም ባንድ ቀን ከተመቱ እሱ ከእግዜር ነው፤ ከእግዜር ጋር ደግሞ ሙግት የለኝም።"

"እንቅልፍዎ ውድ ነው!"

"የአንተ እርካሽ ነው፤ ለዚያ ነው በየለቅሶው የምታንቀላፋው።"

ለእኔ ደግሞ ከገበያ መንገድ ላይ ያሉኝ ነገር አለ። "በግ ስትገዛ ስንት ትወልዳለች ብለህ አትጠይቅ፤ ሻጩ ይዋሽሃል። በምን ትሞታለች ብለህ ጠይቅ።" ያን ጊዜ ፈሪ ሽማግሌ የሚናገሩት መስሎኝ ነበር። ገብሱንም እንዲሁ ነበር የሚዘሩት፤ ቶሎ የሚደርሰውን ተዳፋቱ ላይ፣ የሚዘገየውን ሜዳው ላይ። ውርጭ ሜዳ ይወዳል፣ በረዶ ተረተር ይወዳል፤ ሁለቱ ባንድ ዓመት ሲመጡ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ጎተራችን ሞልቶ አያውቅም፤ ባዶ ሆኖም አያውቅም።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሞቱ። እኛ ወንድማማቾቹ ሁለት ነን። በእኛ አገር ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል። ወንድሜ በጎቹን ሁለት አደረጋቸው። ባንድ በኩል እቤት ያሉትንና ከሞላሌዋ ሴት የተመለሱ ጥቂት፤ በሌላ በኩል አፋፉ ላይና ሞላሌ በሰው እጅ የቀሩትን። ቁጥሩ እኩል ነው። ሽማግሌዎቹ ቆጠሩት፤ እኩል ነው አሉ። ዳኛ ሆነው የተቀመጡት የአባቴ ባልንጀራ የነበሩ ሽማግሌ "ምረጥ ልጄ" አሉኝ።

ማን ነው በዓይኑ የሚያየውን ትቶ የማያየውን የሚመርጥ? እቤት ያሉት ጀርባቸው ሰፊ፣ ፀጉራቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው። በሰው እጅ ያሉት ማን ያውቃቸዋል? በዚያ ላይ ሚስት ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ሚስቴ ሱፍ ፈታይ ናት፤ ጠዋት ጉረኖውን ከፍታ በጎቹ እየተጋፉ ሲወጡ እንድታይ እፈልግ ነበር። የቤቱን መረጥኩ።

ወንድሜ አልተከራከረም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። "እሺ፣ መርቄለታለሁ። የእኔ ግን በሰው እጅ፣ በሩቅ አገር ናቸው። እሱ በሩ ላይ ይጠብቃል፤ እኔ ወሬ እጠብቃለሁ። ስለዚህ ለአምስት ዓመት ሞት የጋራ ይሁንልኝ።"

"የማን ሞት?" አሉ ሽማግሌው።

"የሁለታችንም። የእኔ ሲሞት እሱ ግማሹን ይተካልኛል፤ የእሱ ሲሞት እኔ ግማሹን እተካለታለሁ። ርቢው የየራሳችን፣ ሞቱ የጋራ።"

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "ትቀበላለህ?"

ወንድሜ ነው፤ ለምን አልቀበልም? "ተቀብያለሁ፣ አባባ" አልኩ። እጃችንን አስጨብጠው መረቁን።

በመጀመሪያው ክረምት ወንድሜ ቆዳ ተሸክሞ መጣ። አፋፉ ላይ ካሉት ጥቂቶቹን የጉበት ትል ይዟቸው ሞተዋል። ደጃፌ ላይ ቆዳዎቹን አንድ በአንድ ዘረጋቸው፤ ጆሮ ሁሉ አለ፣ ምልክቱም የአባቴ ነው። "ይኸው" አለኝ። "አየሁ ጋሼ" አልኩት። ግማሹን ከጉረኖዬ መርጦ ነዳ። በሁለተኛውም ዓመት መጣ፤ በሁለተኛውም ሰጠሁ። ሚስቴ እንዝርቷን እያሾረች፣ "የእኛ የሚሞቱት መቼ ነው?" አለችኝ። "ሞት ትመኛለሽ?" ብዬ ተቆጣኋት። "እኔስ አልመኝም፤ አንተ ብቻ ስትሰጥ ሳይ ጊዜ ነው" አለች።

በሦስተኛው ዓመት፣ የበልግ ገብስ ታጭዶ ሳያልቅ፣ የእኛም ሞቱ።

ጠዋት ጉረኖውን ስከፍት አንዷ እግሯን ዘርግታ አገኘኋት። ሆዷ ተነፍቷል፤ ባፍንጫዋ የሚወርደው ደም ጥቁር ነው፣ አይረጋም። ማታ ደኅና ነበረች። ከሰዓት በኋላ ሌላ፣ በማግስቱ ሌላ። ከወረዳ የመጣው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሩቅ ቆሞ አያቸውና፣ "አባ ሰንጋ ነው። እንዳትገፍ! ቆዳውን እንዳትነካ! ሥጋውን ውሻም እንዳይበላው። በጥልቅ ቆፍረህ ከነቆዳው ቅበር" አለኝ። "ልጅ አለህ?" አለ። ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ነበረችኝ። "ሴትዮዋና ልጅቷ ዛሬውኑ ከዚህ ይውጡ" አለኝ።

ሚስቴ ልጇን አዝላ ሞላሌ ወዳባቷ ቤት ወረደች። እኔ ቀረሁ። ማቃጠል ይሻላል ብሎ ነበር ባለሙያው፤ በምን አቃጥላለሁ? መንዝ እንጨት የት አለ? ኩበት ሰብስቤ ሠላሳ በግ ላቃጥል? ስለዚህ ቆፈርኩ። አፈሩ ድንጋይ ነው፤ ዶማው ይነጥራል። ባንድ ሰው ጉልበት የሚያልቅ ጉድጓድ አልነበረም፤ ግን ማን ይመጣል? የሰው ለቅሶ ቢሆን ጎረቤት ዶማውን ይዞ ሳይጠራ ይመጣ ነበር። ለአባ ሰንጋ የሚመጣ የለም። ሴቶቹ የውሃ መንገዳቸውን ቀየሩ። የእኔን ደጅ የሚያቋርጠው መንገድ በሳምንት ሳር አበቀለ። ከማዶ ሆነው "እግዜር ይማርህ!" ይሉኛል፤ እኔም "አሜን!" እላለሁ። ሌላ የምናገረው ሰው ስላልነበረኝ ያችን "አሜን" ጠብቄ ነበር የምውለው።

ወንድሜም መጣ፤ ማዶ ተረተሩ ላይ ቆመ።

"ስንት ሆኑ?" ብሎ ጮኸ።

"አንዲት መሲና ናት የቀረችኝ!"

"እግዜር ያጥናህ!"

"አሜን!"

ነጠላውን አጣፍቶ ተመለሰ። ከነገሩ ሁሉ የማልረሳው ያችን ነው። መጥቷል፣ ጠይቋል፣ ሰምቷል።

በሽታው ካለፈ በኋላ ሰው እንደገና ደጄን ሲያልፍ፣ ወደ ወንድሜ ሄድኩና ቃላችንን አስታወስኩት። ግማሽ ሞቴን እንዲተካልኝ። ቁጭ ብሎ ገለባ ይመርጥ ነበር፤ ቀና ሳይል፣ "ቆዳው የታለ?" አለኝ።

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። "ጋሼ፣ አባ ሰንጋ ነው እኮ። ከነቆዳው ነው የተቀበረው።"

"ቃላችን በቆዳ ነው። እኔ ሁለቴ ስመጣ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት?"

"ከማዶ ቆመህ አላየኸኝም?"

"ሰው ሲቆፍር አይቻለሁ። ምን እንደሚቀብር አላየሁም።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ብዬው አላውቅም።

ነገሩን ወደ ሽማግሌ ወሰድኩት። ያው የአባቴ ባልንጀራ ተቀመጡ። ቃሉን አልካዱም፤ "ሞት የጋራ ብላችኋል፣ ጆሮዬ ሰምቷል" አሉ። ግን ምስክር ጠየቁኝ። ሬሳውን በቅርብ ያየ ማን አለ? ማንም። ያ ባለሙያ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፣ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ጎረቤቶቼ እንደ ወንድሜ ነው ያሉት፤ ሲቆፍር አይተናል፣ የሚቀብረውን አላየንም። ፈርተው ስላልመጡ አላዩም፤ ስላላዩ አልመሰከሩም። ሐሰት አልተናገሩም፤ እኔን የገደለኝም እሱ ነው።

"አንዲቷን እንኳ ቆፍረህ ብታወጣ..." አለ ከተቀመጡት አንዱ።

"ማን ይቆፍር? እርስዎ ይቆፍራሉ?"



ሽማግሌው አዝነው ነበር፤ እሱን አልክድም። "ልጄ" አሉኝ፣ "ይህቺ ቆዳ ቀልድ አይደለችም። ከመንዝ እስከ ግሼ የሰው በግ በሰው እጅ የሚያድረው በዚህች ቆዳ ነው። አንዴ ከለቀቅናት ነገ ሁሉም ቅቅሉን በልቶ 'ሞተች' ይላል፤ በርቢ የሚሰጥም አይገኝም። ቆዳ በሌለው ሞት ካሳ አንቆርጥም።"

ነገራቸው እውነት ነው። እውነት መሆኑ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ተነስቼ ወጣሁ።

ሞላሌ ወረድኩ። አማቴ በሩ ላይ ተቀበሉኝ፤ ግባ አላሉኝም። "ልጄ ሱፍ ፈታይ ናት" አሉኝ። "ሱፍ በሌለበት ቤት ምን ትሠራለች? ጉረኖህ ሲሞላ ና፤ ያን ጊዜ እኔ ራሴ መርቄ እሰድልሃለሁ።" ሚስቴ ከጓሮ በኩል ልጇን አዝላ ትታየኛለች። ምንም አላለችኝም። እኔም ምንም አላልኳት፤ በአባቷ ፊት ምን እላለሁ? ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሜ የሚገባኝን ይመልስ፣ ጉረኖዬ ይሙላ፣ ሚስቴን ላምጣ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

የብቸኝነቱን ነገር በብዙ ቃል አልጽፈውም። ያችን መሲናም ለቀለብ ሸጥኳት። በግ የነበረበት ቤት ባዶ ሲሆን ጠረኑ አይለቅም፤ እሱ ነው የሚያስቸግረው። ጠዋት በሩን ትከፍታለህ፣ የሚወጣ የለም። የሰው ገብስ አጨድኩ፣ ለሰው ቤት ክዳን ጓሳ አጨድኩ። ሰው ምሳ ሲያቀርብልኝ ፈጥኜ በልቼ እነሳለሁ፤ ሚስትህስ ብለው እንዳይጠይቁኝ። ብቸኛ ሰው ሌላም ነገር ይጎድለዋል። ገበሬውን አምስት አምስት እያደረጉ፣ አንዱ ለአንዱ ዋስ እየሆነ፣ ብድር የሚሰጡ ሰዎች መጥተው ነበር። ሁሉም ባልንጀራውን ፈልጎ ተቧደነ። እኔ አንዱ ቡድን ዘንድ ሄጄ ቆምኩ። "አራት ነን፣ አንድ ይጎድለናል" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሲያዩኝ "ሞልተናል" አሉ። አንዱ በኋላ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ "አትቀየም፤ ሚስት የሌለው ሰው አንድ ቀን ብድግ ብሎ አዲስ አበባ ቢገባ ማን ይይዘዋል? ዕዳው የእኛ ነው" አለኝ። ተቀየምኩ።

ፊደል የቆጠርኩትም በዚያ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቱ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጎልማሶችን ያስተምር ነበር። ዕውቀት ጠምቶኝ አይደለም የሄድኩት፤ ሰው ባለበት መቀመጥ ፈልጌ ነው። አስተማሪው "የፈለጋችሁትን ቃል ጻፉ" ሲል መጀመሪያ የጻፍኩት "ሞት" ነው።

"አባቴ፣ ሌላ ቃል የለም?" አለኝ።

"አለ" ብዬ "ቆዳ" ብዬ ጻፍኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በፊት መቼ እንደሳቅኩ አላስታውስም።

የራሴ በግ ከሌለኝ የሰው በግ በርቢ ልይዝ አሰብኩ። ግጦሽ አለኝ፣ ጉረኖ አለኝ። ከሰፈሬ ሰው አንድም የሰጠኝ የለም፤ "ቆዳ ያላሳየው" ነበር ስሜ። በመጨረሻ በግ ነጋዴ የሆኑ፣ በቁልቁለቱ ያለች ከተማ የሚኖሩ አንድ ሐጂ አገኘሁ። በጎቻቸውን ለብዙ ሰው በርቢ ይሰጣሉ ሲሉ ሰምቼ ነው የሄድኩት። ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ ነገርኳቸው።

"ሰምቻለሁ የአንተን ነገር" አሉኝ።

"ታዲያ ሐጂ፣ ይሰጡኛል?"

"እሰጣለሁ። ግን በሲሶ።"

"ሌላው ሁሉ በእኩል ነው የሚይዘው!"

"ሌላው ሁሉ እኮ የሚባል ነገር የለበትም።" መቁጠሪያቸውን ሳያቋርጡ ነው የሚናገሩት። "ስማኝ። እኔ ሌባ ነህ አላልኩህም፤ ወላሂ አላልኩም። ምናልባት ከሁሉም ሐቀኛው አንተ ነህ። ግን እኔ አላውቅም፣ አንተም ልታሳየኝ አትችልም። የማላውቀው ነገር ዋጋ አለው። ዋጋውን የምትከፍለው ደግሞ አንተ ነህ፤ እኔ ልክፈልልህ?"

"እኔ ምን አጠፋሁና?"

"ምንም። ዝናብ ሲዘንብ የሚበሰብሰው ያጠፋ ነው?"

በሲሶ ያዝኩ። የሞተችውን ሁሉ ቆዳዋን ከነጆሮዋ ቁልቁለቱን ወርጄ አሳየሁ። አንዲት ግልገል ሳላጎድል ዓመት ዓመትን ተካው። አንድ ጊዜ፣ "ሐጂ፣ አሁንስ አላወቁኝም? እኩል አያደርጉልኝም?" አልኳቸው። "አውቄሃለሁ፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ሌላ ሰው በእኩል ሲሰጥህ ያን ጊዜ እኔም አደርጋለሁ።" ሌላ ሰው አልሰጠኝም። ሲሶዬ ሲሶ ሆኖ ቀረ። ሐቀኛ መሆኔ የእሳቸው ትርፍ ነበር እንጂ የእኔ አልነበረም።

ሲሶ ምን ይሞላል? የደረሰብኝን ግብር ስከፍል፣ ቀለቤን ስችል፣ የቀረችው ግልገል ስታድግ፣ የጉረኖዬን አንዱን ጠርዝ እንኳ አልሞላም። አማቴ ዘንድ በዚያ ቁመና አልሄድም። አንድ አምስት በግ እየነዳሁ "ሞላ" ልበላቸው?

ከብዙ ዓመት በኋላ አባ ሰንጋ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ደጋውን አልነካም፤ የጀመረው አፋፉ ላይ ነው፣ ከዚያ ሞላሌ ወረደ። ከወረዳ ሰዎች መጥተው ቤት ለቤት ዞሩ፤ እንዳትገፉ፣ ከነቆዳው ቅበሩ አሉ። እንቢ ያለ አንድ ሰው ቆዳ ገፎ እጁ ላይ ጥቁር ቁስል ወጣበት፤ ሲሞት ሁሉም አየ። ከዚያ በኋላ የታዘዙትን ያላደረገ የለም።

የወንድሜ በጎች ያሉት እነዚያ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። አፋፉ ላይ ያለው አርቢ ባዶ እጁን መጣ። ወንድሜ "ቆዳው የታለ?" አለው። አርቢው ምላሱ የማይያዝ ሰው ነው። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር እኔም ከዳር ቆሜ እሰማ ነበር።

"ቆዳ ትፈልጋለህ?" አለው አርቢው። "ና እንውረድ። ዶማውን እኔ አቀርባለሁ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የምትገባው አንተ ነህ። ቆዳዋንም ለብሰህ ና!"

ሰው ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም። "ውሉ በቆዳ ነው" አለ።

"የሞተው ሰውስ ውሉ በምን ነበር? ቆዳ ያስቀረው ያ ብቻ ነው፤ የራሱ ቆዳ ግን አልተረፈውም።"

የዚያን ቀን የመጣው ባለጉዳይ የእነሱ ብቻ አልነበረም። ባዶ እጁን የቆመው አርቢ ብዙ ነው፤ በጉ የተቀበረበት ባለቤትም ብዙ። ሁሉንም ተካ ቢባል የግማሹ አገር ቤት ሊዘጋ ነው። ያ ሽማግሌ አሁን አርጅተዋል፤ ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያመጣቸው። አጠገባቸው ካሉት ጋር ብዙ ተንሾካሾኩ። ከዚያ፣ "ትእዛዝ ያስቀበረው ሞት ቆዳ አይጠየቅበትም" አሉ። "ወደፊት ጎረቤት ሩቅም ቢሆን ቆሞ ይቁጠር፤ የቆጠረውን ይመስክር። መጥቶ የማይቆጥር ጎረቤት ጎረቤት አይደለም።"

ተነስቼ ወደ ፊት ወጣሁ።

"አባባ፣ የእኔንም ያስቀበረው ትእዛዝ ነው።"

ወንድሜ፣ "የእሱ ተቆርጧል፤ አሮጌ ነገር ማን ይጠይቃል?" አለ።

"የተቆረጠው በቆዳ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ቆዳውን አሁን ጣልነው። አንተ ስማኝ፤ ያን ጊዜ ማዶ ቆመህ ስንት ሆኑ ብለህ ጠይቀሃል። እኔም በሌላው ማዶ ቆሜ ነበር፣ ሰምቼሃለሁ። ፈርቼ አልቀረብኩም፤ ይኸው የራሴንም ፍራቻ ተናገርኩ።"

እንዲህ ያለ ነገር ያኔ ለምን እንዳልተናገሩ አልጠየቅኳቸውም። ለምን ልጠይቅ? መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሥርዓት ነው ይላሉ።

ተቆረጠ። ሠላሳ ሞተዋል፣ ገዝቶም ቢሆን ግማሹን ይተካል። ስምንቱን በመስከረም፣ ሰባቱን እስከ ጥር። የእነዚያ ዓመታት ርቢስ? ቢወልዱ ኖሮ ስንት ይሆኑ ነበር ብዬ ስጠይቅ፣ አንዱ ሽማግሌ "ያልተወለደ አይቆጠርም" አለኝ። አልተቆጠረም።

መስከረም ላይ ስምንቱ ገቡ። ከሐጂ በሲሶ ካገኘኋቸው ጋር ተቀላቅለው ጉረኖዬ ሲጋፋ ሳይ ልቤ አላስቻለኝም፤ ገበያ ቀን ሞላሌ ወረድኩ። አማቴ ከሞቱ ቆይተዋል። ሚስቴን ሱፍ ተራ አገኘኋት፤ ፊት ለፊቷ የተፈተለ ሱፍ ዘርግታ ትሸጣለች። ጠውልጋለች፤ እኔም ጠውልጌያለሁ። ከጎኗ ትንሽ ወንድ ልጅ ተቀምጧል፤ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እሷን ይመስላል።

"በጉን አገኘህ አሉ" አለችኝ።

"አገኘሁ።"

"ደግ።"

"ጉረኖው ሞልቷል። አባትሽ ሲሞላ ና ብለውኝ ነበር።"

ቀና ብላ አየችኝ። "አባቴን ነው ያገባኸው?"

"እሳቸው ናቸው የከለከሉኝ።"

"እኔ ከጓሮ ቆሜ አላየኸኝም? ነይ ብትለኝ እኮ ነጠላዬን አንስቼ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ይመጣል ብዬ መንገዱን ሳይ ነበር። አንተ በግ ትጠብቃለህ፣ እኔ አንተን።" ሱፏን ማጠፍ ጀመረች። "አሁን ባል አለኝ። ሰው አይደለህም አልልህም፤ ግን ዘገየህ።"

"ልጄስ?"

"ዓለም ከተማ አክስቷ ዘንድ ናት፣ ትማራለች። ደብዳቤ ብትጽፍላት ታነባለች። መጻፍ ቻለ አሉኝ።"

ስለ ጉረኖዬ የምነግራት ብዙ ነገር ይዤ ነበር የወረድኩት። ጨው ገዝቼ ተመለስኩ። የሞላሌ አቀበት ለብቻ ሲወጡት ይረዝማል።

ለልጄ ጻፍኩላት። መልስ እስኪመጣ ክረምት አለፈ፤ "ደኅና ነኝ፣ አንተስ" የሚል አጭር ነው። ከዚያ ወዲህ እንጻጻፋለን። መጥታ አይታኝ ግን አታውቅም።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሰባቱን በጎች ወንድሜ ራሱ ነድቶ አመጣቸው። ሰው ሊልክ ይችል ነበር። ከደጄ ቆሞ ወደ ጉረኖው አስገባቸው፤ እኔ አንድ በአንድ ጥርሳቸውንና ጡታቸውን አየሁ። ሁለቱ ያረጁ ናቸው። መልሰህ ውሰድ ልለው ነበር፤ ተውኩት። ውሃ ጠየቀኝ። ቤት ገብቶ መደብ ላይ ተቀመጠ፤ ከአባታችን ተዝካር ወዲህ እቤቴ ገብቶ አያውቅም። ዙሪያውን አየ።

"ሰው የለም?" አለኝ።

"የለም።"

ውሃውን ጠጥቶ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ታዲያ ጨርሰናል?"

"ጨርሰናል" አልኩት።

ይህ የሆነው ጥር 22 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነው።